ከሙላት ያሻገረኝ ጀርባ

ከባሕር ዳር የተነሳሁት የእናቴን ወንድም አያ ታከለን ለመጠየቅ ነው። ጉና ሥር ይኖራሉ። መታመማቸውን ስሰማ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። በዚህ በአብዮት ዘመን ዘመድ መጠየቅም ወረቀት ይፈልጋል።

አውቶቡሱ ሐሙሲት ላይ ገበያተኛ ጫነ፤ አንድ ሙክት እግሬ ሥር ተጋድሞ እስከ ደብረ ታቦር አብሮኝ ተጓዘ። ኬላው ላይ አብዮት ጠባቂው ወረቀቴን ዘቅዝቆ አየና «እለፍ» አለኝ።

ከገሳይ ወደ ላይ

በማግስቱ እስከ ገሳይ በጭነት መኪና ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከአጎቴ መንደር በታች ያለችውን ወንዝ ድንጋይ እየረገጥኩ ተሻገርኩ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ይህች ወንዝ ሞልታ አባቴ አዝሎ አሻግሮኛል። አባቴ ቁጡ ነበር፤ በልጅነቴ ሞተ። ከእሱ ያለኝ ደግ ትዝታ ይኸው አንዱ ብቻ ነው። እርጥብ ጋቢውን፣ «አጥብቀህ ያዘኝ» ያለኝን ድምፁን ዛሬም አውቀዋለሁ።

አያ ታከለን ምድጃ አጠገብ ተኝተው አገኘኋቸው። ሚስታቸው እትዬ ብርቄ ትኩስ ድንች በአዋዜ አቀረቡልኝ። የወንዙን ነገር አንስቼ አባቴን ሳመሰግን እትዬ ብርቄ ሳቁ።

«ኧረ አባትህ ያን ክረምት አገር ውስጥም አልነበረ! ያዘለህ ይኸው የተኛው ነው።»

«አልቃሿ እንኳ በአባቴ ለቅሶ ላይ ማሻገሩን በግጥም አንስታዋለች» አልኩ።

«እሷስ ከየት አመጣችው? ደግ ሥራውን ንገሩኝና ላልቅስለት ብትል ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ነፍሱን ይማረውና፣ ከዱላ በቀር ምን ነበረው? አንተ አስከሬኑ አጠገብ ቆመህ ታያለህ። ያኔ ታከለ ብድግ ብሎ ‹ልጁን ከሙላት አሻግሯል በይ› አላት።»

ድንቹን አስቀመጥኩ። ወደ አጎቴ ዞርኩ።

«አንቱ ነዎት ያዘሉኝ?»

«ያኔማ እኔ ነበርኩ» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። «ግን በየተዝካሩ በየሰንበቴው ሲወራ ስሰማ ኖሬ፣ አሁን ሳስበው ውሃው ውስጥ የሚታየኝ አባትህ ነው። እኔ ዳር ቆሜያለሁ።»

«አይከፋዎትም?»

«ምኑ ይከፋኛል? ተሻግረሃል።»

መልስ

ትንሽ ሻል ሲላቸው ጉልበታቸውን ስሜ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ያን ጀርባ የአያ ታከለ ላደርገው ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። ቤቴ ገብቼም የሚታየኝ ያው አባቴ ነው። ትዝታ ያየነውን ብቻ የሚያስቀምጥ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሰው አዝኖልን የሰጠንንም እንደ ራሳችን ያስቀምጠዋል። እኔንም አጎቴንም እኩል አታሎናል። ስለዚህ ልቤ ባይቀበለውም እጄ ይጻፈው፦ ያሻገሩኝ አያ ታከለ ናቸው።