ተቃጠሉ የተባሉት አምስት ወንበሮች

ሰው የሚቀመጥበትን ነገር አይመለከትም። ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ይሄዳል። እኔ ደሴ ሆጤ ባለችው ሱቄ ሬዲዮ ስጠግን የኖርኩ ነኝ፤ እንጨት ማየት ያስተማረኝም ሬዲዮ ነው። በጃንሆይ ጊዜ የመጡት ባለ እግር ሬዲዮዎች ውስጣቸው ሲሞት፣ ባለቤቶቻቸው ሳጥኑን ጥለውልኝ ይሄዱ ነበር። ልጥለው ስል እጄ እምቢ አለኝ። እግሮቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ትንሽ ወደ ውጭ ያዘነብላሉ። አበባ የለበትም፣ ወርቅ የለበትም። የሠራው ሰው የት ላይ ማቆም እንዳለበት ያውቅ ነበር።

ማንም አላስተማረኝም። ፈትቼ አየሁ፣ መልሼ ገጠምኩ፣ ተሳሳትኩ፣ እንደገና ፈታሁ። ከዚያ ወንበሩን፣ ዝቅ ያለውን ጠረጴዛ፣ ተንሸራታች በር ያለውን ቡፌ መሰብሰብ ያዝኩ። መሥሪያ ቤቶች ፕላስቲክ ሲያስገቡ የሚያወጡትን፣ ወራሾች የአባታቸውን ቤት ሲያድሱ በር ላይ የሚቆልሉትን እያነሣሁ አመጣለሁ። ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው ለካፌያቸው የሚገዙኝ አሉ፤ እሸጣለሁ። ግን አንድ ሕግ አለኝ። አብሮ የተሠራ ነገር አልለያይም። ስድስት ሆኖ የተሠራ ስድስት ሆኖ ይሄዳል፤ አለዚያ እኔ ጋ ይቀመጣል። ይህን ሕግ ልጆቼ ከፊደል እኩል ሰምተውት ነው ያደጉት።

ስድስቱን የዋንዛ ወንበሮች ያገኘኋቸው ዳቦ ቤት ደጃፍ ነው። አንድ የድሮ ሆቴል ፈርሶ ዕቃው ለማገዶ ተወስዶ ነበር። ባለ ዳቦ ቤቱን ስጠኝ ስለው፣ «በምን ልጋግር ታዲያ፣ በአንተ?» አለኝ። አንድ ጋሪ የባሕር ዛፍ ፍልጥ አምጥቼ ደጃፉ ላይ አራገፍኩለትና በዚያው ጋሪ ወንበሮቹን ጭኜ ሄድኩ። የአንደኛው የእጅ መደገፊያ ተገምሶ ነበር። በወይራ ቁራጭ ደፈንኩት። ወይራው ከዋንዛው ጠቆር ስለሚል፣ የአውራ ጣት አሻራ የሚያህል ምልክት ሆኖ ቀረ። ባለቤቴ «ቀለም ቀባውና አይታይ» አለችኝ። የተጠገነ ነገር አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው መደበቁ ነው አልኳት። አምስቱ ሳሎን ገቡ። ስድስተኛውን ሱቅ ወስጄ ሬዲዮ ስጠግን የምቀመጥበት አደረግሁት። እሱን ያዳነው ይኸው ነው።

ለዓይኔ ሕክምና ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝቼ ወጣሁ። አንድ ዓይኔ በፋሻ ተሸፍኖ ቤቴ ስገባ፣ በቀረው ዓይኔ ያየሁት ሶፋ ነው። ግድግዳውን ይዞ ተኝቷል፤ ደማቅ ቀይ፣ ጠርዙ በወርቅ ቀለም የተጠማዘዘ፣ እግሩ የአንበሳ መዳፍ።

«እንኳን ደስ አለህ!» አለችኝ ባለቤቴ። «አሮጌውን ሰጥቼ አዲስ ተቀበልኩ። ሰውየው ከኮምቦልቻ ድረስ በመኪና አምጥቶ፣ ራሱ አስገብቶልኝ ሄደ።»

ሰውየው ኮምቦልቻ ውስጥ ትልቅ የሶፋ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። በየቤቱ እየዞረ አሮጌ ዕቃ በልዋጭ ይወስዳል። እሷን አልወቅስም። ደግ ነገር ያደረገች መስሏት ነው፤ የበሽተኛ ባል ቤት ልታሳምር። እሱ ግን የሚወስደውን ያውቃል።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ሱቁ በደንበኛ ተሞልቷል። ሶፋህን ውሰድ፣ ወንበሮቼን መልስልኝ አልኩት።

«ማገዶህን ነው?» አለ ጮክ ብሎ። «ወንድሜ፣ እሱማ ዳቦ ሆኖ ተበላ!»

ሰዉ ሳቀ።

«እውነቱን ንገረኝ» አልኩት።

«ወላሂ አቃጥያቸዋለሁ። ምነው፣ ቢኖሩ የማልሰጥህ ይመስልሃል? ሶፋው ካላማረህ ደግሞ ፋሻውን ፍታና በሁለት ዓይንህ እየው።»

እንደገና ሳቁ። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲያዘግም ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው አንድ ቀን ደጄ ላይ ይቆማል። እንዴት እንደሚሆን አላውቅም ነበር። በመሳቁ ብቻ ቢሆን ምናልባት ይቅር እለው ነበር። ግን በአላህ ስም ምሏል፤ እንደማለ ደግሞ ልቤ ውሸት ነው ብሎኛል። የዋንዛን ዋጋ የሚያውቅ ነጋዴ ዳቦ አይጋግርበትም።

እስኪቆም ድረስ ግን እጄን አጣጥፌ አልጠበቅሁም። ሶፋውን አውጥቼ ሱቄ ደጃፍ አስቀመጥኩትና ሆዱን በቢላ ቀደድኩት። ከቀዩ ጨርቅ ሥር ካርቶን ነበር፤ ከካርቶኑ ሥር የዕቃ ማሸጊያ ሣጥን እንጨት፣ በቅጡ እንኳ ያልተላገ። ሶፋ ሊገዛ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ሲያልፍ «ና እስቲ፣ ውስጡን እይ» እለዋለሁ። ብዙ ሰው አየ። ብዙ ሰው ሳይገዛ ቀረ። ነጋዴው ሰምቶ «ያ አንድ ዓይና እንጀራዬን ዘጋው» ማለቱን ነገሩኝ። ዓይኔ ከዳነ ቆይቶ ነበር፤ እኔ ግን ሲነግሩኝ ደስ አለኝ። በኋላ ሶፋውን ዝናብ አበሰበሰው፣ ዶሮዎች እንቁላል ጣሉበት። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ በዚያ በኩል አታልፍም ነበር።

ልጄ አድጋ፣ ነርስ ሆና ኮምቦልቻ ተቀጠረች። በአንድ የበዓል ሰሞን መጥታ ሱቅ ውስጥ አጠገቤ ቆመችና «አባዬ፣ ሽማግሌ ሊልክ የፈለገ ሰው አለ» አለችኝ። ስልኳን ሰጠችኝ። ፎቶ ነው።

ልጁን አላየሁትም። ወንበሩን አየሁ። ልጁ ክንዱን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ከክርኑ አለፍ ብሎ፣ የእጅ መደገፊያው ላይ፣ የአውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ምልክት አለ። ከኋላው ሌሎች አራት ተደርድረዋል።

«የማን ልጅ ነው?» አልኳት፤ መልሱን እያወቅሁ።

«የእሱ» አለች። «ወንበሩን እኔም አይቼዋለሁ። ቁመቴ እዚያ መደገፊያ ጋ ሲደርስ ጀምሮ የማውቀው ምልክት ነው። ሆን ብዬ ነው እዚያ ላይ ያነሣሁት። ልደብቅህ አልፈለግሁም።»

«ልጁ ያውቃል?»

«አሁን ያውቃል። አፍሯል። አባዬ፣ ከአባቱ ጋር ያለህን ጨርስ። እኔን ግን መያዣ አታድርገኝ።»

ፎቶውን ወደ ስልኬ ላኪልኝ አልኳት። የተሰማኝ ደስታ ልጄ ባል በማግኘቷ አልነበረም፤ ይህን ሳልሸፍን እጽፈዋለሁ። ሰውየው ደጄ ሊመጣ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች መለስኳቸው። ይህ ወግ ነው፤ ማንም አልከፋውም። ሁለተኛ ጊዜም መለስኳቸውና «አባትየው ራሱ ይምጣ» አልኩ። ልጄ ደውላ «መያዣ አደረግኸኝ» ብላ ዘጋችብኝ። ለሦስተኛ ጊዜ የመጡት ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። ልጄም መጥታ ከእናቷ ጋር ጓዳ ነበረች፤ አላናገረችኝም።

እኔ ጠዋቱን በሥራ አሳልፌዋለሁ። ቡፌውን፣ ጠረጴዛውን፣ ያሉኝን ወንበሮች በሙሉ ወደ ኋላ ክፍል አጋዝኩ። ምንጣፉን ጠቀለልኩ፣ ሰሌኑን አነሣሁ። ባዶው ሳሎን መሐል ላይ ስድስተኛውን ወንበር አስቀመጥኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?» አለች ባለቤቴ። «እንግዳው ምን ላይ ሊቀመጥ ነው?»

«ሽማግሌ የሚመጣው ለመቆም ነው።»

«ቆሞ ይመጣል እንጂ ቆሞ ይመለሳል የሚል የት አለ?»

አራት ሆነው ገቡ። ፊት የቆሙት ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሸህ ናቸው፤ ቀጥሎ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ አጭርና ወፍራም። ነጋዴው መጨረሻ ገባ፤ ወፍሯል፣ ጢሙ ሸብቷል። ሰላምታ ተለዋወጥን።

«ተቀመጡ» አልኩ።

«አንቀመጥም» አሉ ሸሁ እንደ ወጉ። «የመጣንበት ጉዳይ ይሰማና።»

ጉዳያቸውን አስረዘሙት፤ እኔም አላቋረጥኳቸውም። የነጋዴው ዓይን ወንበሩ ላይ አርፎ ይሸሻል፣ ተመልሶ ያርፋል። ሲጨርሱ «ልጄ ፈቅዳለች፤ እኔም ሰምቻለሁ። አሁን ተቀመጡ» አልኩ።

አራቱም ዞር ዞር ብለው አዩ።

«ኧረ በአላህ፣ ምን ላይ?» አለ ወፍራሙ ሽማግሌ።

«ይህ ቤት ስድስት ወንበር ነበረው። አንዱ ይኸው ነው። አምስቱ የት እንዳሉ እሳቸው ይንገሯችሁ።»

ነጋዴው ጉሮሮውን ጠረገ። «ያ የድሮ ነገር ነው። ተቃጥሏል ብዬህ የለ?»

«አዎ፣ ወላሂ ብለው ነግረውኛል» አልኩና ፎቶውን በስልኬ ከፍቼ ለሸሁ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ብዙ ተመለከቱ።

«ማሻአላህ፣ ልጁ ያምራል።»

«ልጁን ይተዉት፤ የተቀመጠበትን ይዩት።»

ወፍራሙ በትከሻቸው በኩል አጮለቀ። «ይኼማ የሳቸው ሳሎን ነው! በረመዳን ያፈጠርነው እዚህ ላይ አይደል እንዴ? ወገቤን ያሳረፈኝ ወንበር!» አለና የተናገረው ሲገባው አፉን ያዘ።

የነጋዴው ግንባር በደሴ ብርድ ላብ አወጣ። «ዕቃ ነው እኮ» አለ በመጨረሻ። «ሰው በዕቃ ይጣላል?»

«እኔ የተጣላሁት በመሐላው ነው።»

«ምን ይሁን ትላለህ ታዲያ?»

«አምስቱ ወንበሮች መህር ሆነው ይምጡልኝ።»

ወንበሮቼን መልስ የሚለውን ቃል ለዓመታት ይዤው ነበር፤ ስለው ጣፈጠኝ። የጓዳው በር ተከፍቶ ልጄ ወጣች። ለሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ መህር የማን ነው?»

ሙሽራው የሚሰጠው ጥሎሽ የሙሽራዪቱ እንጂ የአባት እንዳልሆነ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የሴት ልጃቸውን መህር የሚበሉ አባቶችን ስም እየጠራሁ ስረግም ሰምታኛለች።

«የሷ ነው» አሉ ሸሁ።

«እንግዲያው የምጠይቀው እኔ ነኝ። አምስቱን ወንበሮች እፈልጋለሁ። የሚገቡት ግን ወደዚህ ሳይሆን ወደ እኔ ቤት ነው። ስድስተኛውን ደግሞ አንተ ትጨምርልኛለህ። አብሮ የተሠራ አይለያይም ስትል ነው ያደግሁት።»

በበቀሌ ቀን፣ በጠላቴ ፊት፣ በገዛ ቃሌ ተመታሁ። ነጋዴው ግን ሊስቅ አልደፈረም። ሸሁን ደግፌ ብቸኛው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና ዱአ አደረጉ። ዱአው ረጅም ነበር። ነጋዴው እስከ መጨረሻው መዳፉን ዘርግቶ፣ ግድግዳ እንኳ ሳይደገፍ፣ እንደ ቆመ አሜን አለ። ያንን የሚወስድብኝ የለም።

ከኒካሁ በኋላ ሙሽሮቹ ኮምቦልቻ ቤት ተከራዩ። ስድስተኛውን ወንበር ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ወረድኩ። አምስቱ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ሰውየው እግራቸውን የወርቅ ቀለም ቀብቶታል። የብርጭቆ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩና ወርቁን እስከ ዋንዛው ድረስ ፋቅሁት። የኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ መጋጠሚያቸውን አድርቆታል። በወይራ የደፈንኩት ወንበር የኋላ እግሩ ላልቶ ይወዛወዛል፤ ከባድ ሰው ቢቀመጥበት ይገነጠላል።

ከባድ ሰው ለምሳ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሙሽሮቹ በሳምንቱ ሁለታችንንም አባቶቻቸውን ጠርተውናል። ኮላውን ይዤ ወንበሩን ገልብጬ ብዙ ተቀመጥኩ። ልተወው እችል ነበር፤ ማንም አያውቅብኝም። እጄ ግን ያንን ሥራ አልሠራም አለኝ። ፈታሁት፣ ጠረግሁት፣ ኮላ ቀባሁት፣ በገመድ አስሬ አሳደርኩት።

በምሳው ቀን እኔ ቀድሜ ተቀምጫለሁ። ነጋዴው ገባና ደፉ ላይ ቆመ። ወንበሮቹን አየ፣ እኔን አየ። ተቀመጥ የሚለውን ይጠብቃል፤ በቤቱ ትልቁ ሰው እኔ ነኝ። እኔ መስኮቱን እያየሁ ዝም አልኩ። እስከ መግሪብ ሶላት ቢቆም ከአፌ አይሰማውም ነበር።

«ይቀመጡ፣ አባባ» አለች ልጄ ከወጥ ቤት እየመጣች።

ወይራ ያለበትን ስባ ሰጠችው። ሰውነቱን ሁሉ ለቀቀበት። ይሰበር ብዬ በልቤ ተመኘሁ፤ በሰው ሁሉ ፊት ይጣለው ብዬ። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ወንበሩ ሲጥ እንኳ አላለም። ኮላው በደንብ ይዞ ነበር።