የራፓ ኑይን ሰሌዳ ያነበብኩበት ዓመት

ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ በርጩማ ጠራቢ ነኝ። ስሜ አብዱልሃዲ ነው፤ ሰፈሩ ግን አሁን አባ ኡርጂ ነው የሚለኝ። ኡርጂ በኦሮምኛ ኮከብ ማለት ነው። ስሙን ሲያወጡልኝ ለክብር መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እንዴት እንዳገኘሁት ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ ገበያ ቀዝቅዞ ነበር። ጅማ ዝናቡ ሲጠና ለበርጩማ ብሎ ጭቃ የሚረግጥ ደንበኛ የለም። ሱቄ በር ላይ ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ አንድ ቪዲዮ መጣልኝ። ከሰው አገር ሁሉ ርቃ፣ ትልቅ ውቅያኖስ መሃል ያለች ራፓ ኑይ የምትባል ደሴት አለች አለ። የድሮ ሰዎቿ እንጨት ላይ የቀረጹት ጽሑፍ አላቸው፤ ወፍ፣ ዓሣ፣ እጁን ያነሳ ሰው፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ምልክት፣ ሁሉም በረድፍ በረድፍ የተደረደረ። ተራኪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስከ ዛሬ ማንም በትክክል ሊያነበው አልቻለም» አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን «አጃኢብ ነው!» ብሎ ወደሚቀጥለው ቪዲዮ ያልፋል። እኔ ግን በስሜ የተጠራሁ መሰለኝ። እስካሁን የሞከሩት ፕሮፌሰሮች ናቸው፤ ፕሮፌሰር ደግሞ ስለ እንጨት ምን ያውቃል? ጽሑፉ ያለው እንጨት ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ከእንጨት ጋር ነው ያረጀሁት። ማስረጃዬ በሙሉ ይኸው ነበር።

በማግስቱ እንዲህ ያለ ሰሌዳ አጥርቶ የሚያሳይ ፎቶ ከኢንተርኔት መርጬ እዚሁ ጅማ መርካቶ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩት። ከፎቶው ሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር፤ ቦታ ስለሚይዝብኝ ኮፒ አንሺውን «ቁረጠው» አልኩት። ከዚያ አንድ የዋንዛ ሳንቃ አለሰለስኩ፤ ወረቀቱን በፊቱ ደፍቼ ለጠፍኩበትና ጀርባውን በቲነር አራስኩት። ቀለሙ እንጨቱ ላይ ይቀራል፤ የቀረው በመሮ እየተከተሉ መቅረጽ ነው። ስጨርሰው፣ ማሻአላህ፣ በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ ያማረ ሥራ ሆነ። ይህን አሁንም አልክድም። የተበላሸው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

የቦረና አያንቱዎች፣ ማለትም ሰማይ አንባቢዎቹ፣ ጨረቃ ከየትኛው ኮከብ ጎን እንደወጣች አይተው ቀኑን እንደሚናገሩ በሬዲዮ ሰምቼ ነበር። ታዲያ በውቅያኖስ የተከበበ ሰውስ ከሰማይ በቀር ምን የሚያየው አለ? ሰሌዳው የቀን መቁጠሪያ መሆን አለበት ብዬ ወሰንኩ። ግማሽ ጨረቃዎቹ የወሩ ቀናት ሆኑ። ወፉ ቡሳን የሚባለው የተሰበሰበ የኮከብ መንጋ ሆነ። ዓሣው ዝናብ ሆነ፣ ውሃ ስለሚወድ። እጁን ያነሳው ሰው በጋ ሆነ፤ ዝናብ ሲያቆም እጁን አንስቶ አላህን የማያመሰግን ማን አለ? ያልገባኝን ምልክት ሁሉ «በዓል» አልኩት። ያቺ ደሴት ከዓመት ዓመት በዓል ላይ ነበረች።

በየዕለቱ ከመግሪብ በኋላ ሰሌዳዬን ታቅፌ ደጅ እወጣለሁ። ሰማዩ ደግሞ የጅማ ሰማይ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ በደመና ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ይከርማል። ኮከቡ ባይታየኝም ችግር አልነበረብኝም፤ የት መሆን እንዳለበት ከሰሌዳው ላይ አነባለሁ። ሰሌዳውን በኮከቡ አረጋግጣለሁ፣ ኮከቡን በሰሌዳው። አንድ ቀን እንኳ ሳይጣጣሙልኝ ቀርተው አያውቁም።

ባለቤቴ ፈድሊያ መርካቶ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ዓይኗ አይሸወድም። አንድ ምሽት የወፏን ምልክት እንድታይልኝ ጠራኋት።

«ይቺ ምን ትመስልሻለች?»

«ዶሮ።»

«ዶሮ አይደለችም፣ የኮከብ መንጋ ናት።»

«እግር አላት እኮ።»

«እግሯ ... ወቅቱን ነው የሚያሳየው።»

 ከዚያ «የፋሪዳ አባት፣ እራትህ እየቀዘቀዘ ነው» ብላኝ ገባች።

ሐምሌ ላይ ለጎረቤቶቼ «ሰሌዳው ነገ ይዘንባል ይላል» አልኳቸው። ዘነበ። «ከነገ ወዲያም» አልኩ። እሱም ዘነበ። በሐምሌ ጅማ ላይ ዝናብ መተንበይ ምን ያህል እውቀት እንደሚጠይቅ ያኔ አልታሰበኝም። አባ ኡርጂ የተባልኩት በዚህ ጊዜ ነው። እየሳቁ ነው ያሉኝ፤ ሳቁን እንደ ደስታ ወሰድኩት።

ወሬው አጋሮ ድረስ ሄደ። እዚያ ሙሀጅር የሚባል የልጅነት ጓደኛዬ አለ፤ ቡና ገዝቶ አድርቆ ይሸጣል። ኅዳር ላይ ደወለልኝ።

«አብዱልሃዲ፣ ቡናው እንዲደርቅ የሽቦ አልጋው ላይ ተሰጥቷል። ሊሙ ሰርግ አለብኝ። ሰማዩ ትንሽ ደመና አለው፤ ሸራ አልብሼው ልሂድ ወይስ ፀሐይ ይምታው? ያ ሰሌዳህ ምን ይላል?»

ልክ እንደ ሐኪም «ቆየኝ» አልኩት። ሰሌዳውን አወረድኩ፣ ጣቴን በረድፉ ላይ አስሄድኩ። እጁን ያነሳው ሰው በረድፉ ሁለት ጊዜ አለ።

«በጋ ነው፣» አልኩት፣ «ያውም ድርብ በጋ። ሸራውን ተወው፣ ሂድ ሰርግህን ብላ።»

እሱም አመነኝ። ሠራተኞቹንም አሰናብቶ ሄደ።

በማግስቱ ለእንጨት ጉዳይ ወደዚያው መሄድ ነበረብኝ። ሚኒባሱ አጋሮ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው መስታወቱ ላይ አንድ ጠብታ አረፈ። ሌላ ተከተለ። ሹፌሩ መጥረጊያውን ሲያስነሳ የሙሀጅር ሸራ ትዝ አለኝ። ወርጄ ስሮጥ ዝናቡ አብሮኝ ሮጠ። ደረስኩ። የሙሀጅር ባለቤት ነጅላ ብቻዋን ሸራ እየጎተተች ከአልጋ አልጋ ትሯሯጣለች። ሌላኛውን ጫፍ ያዝኩላት። ሸራው በንፋስ ከእጄ እያመለጠ ፊቴን ይመታኛል፤ ተገቢ ነበር።

ነጅላ ጸጉሯ ላይ ውሃ እየወረደ፣ «አባ ኡርጂ፣» አለችኝ፣ «ይሄ ከላይ የሚወርደው በእናንተ አቆጣጠር ምን ይባላል?»

«በዓል» ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

ቡናው ግማሹ ረጠበና ሻገተ፤ ሙሀጅርም ዓመቱን ሙሉ የለፋበትን ከተራ ቡና ጋር ቀላቅሎ በርካሽ ለመሸጥ ተገደደ። አልሰደበኝም። ስልኬን ማንሳት ብቻ አቆመ። ይህ ከስድብ ይልቅ አመመኝ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ሰሌዳውን ለማገዶ ይፈልጠዋል። እኔ ግን ስህተቱ የእኔ እንጂ የሰሌዳው አይደለም ብዬ ንባቤን ላሻሽል ተቀመጥኩ።

ጥር ላይ ኮሌጅ ፊዚክስ የምታስተምር ሌንሳ የምትባል ሴት በርጩማ ልትገዛ ሱቄ ገባች። ዓይኗ ግድግዳው ላይ በሰቀልኩት ሰሌዳ ላይ ሲያርፍ በርጩማውን ረሳችው።

«ጋሽ አብዱልሃዲ፣ ይሄ የራፓ ኑይ ጽሑፍ አይደለም እንዴ? እርስዎ ነዎት የቀረጹት?»

በዚህ ዓለም ላይ ስሙን የሚያውቅ ሰው አገኘሁ! አስቀምጬ ሁሉንም አስረዳኋት፤ ጨረቃውን፣ ቡሳንን፣ ድርብ በጋውን። የአጋሮውን ዝናብ ብቻ ዘለልኩት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ዋናው ፎቶ አለዎት?» አለችኝ። ስልኬ ላይ ከፈትኩላት። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ሰሌዳውን አየች።

«ወፎቹ ፎቶው ላይ ወደ ቀኝ ነው የሚያዩት። እርስዎ ጋ ወደ ግራ።»

ተነስቼ አየሁ። ወረቀቱን በፊቱ ደፍቼው ስለነበር ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው የታተመው። የሰው ስም ብቀርጽ ኖሮ ወዲያው ይታየኝ ነበር። ወራት ሙሉ ሳነበው የኖርኩት መስታወት ውስጥ ያለ ጽሑፍ ነበር።

በቀላሉ ግን አልተረታሁም። «በደቡብ በኩል ላለ ሰው ጨረቃ ተገልብጣ አይደል የምትታየው? እንግዲያው የእኔ መገልበጥ አስተካከላት!»

ሌንሳ ፈገግ አለች። «ጨረቃዋን በተመለከተ የተናገሩት እውነት ነው። ግን ወደ ግራ ጠፍተው፣ እንደገና ወደ ቀኝ ቢጠፉ ቤትዎ አይደርሱም።» ከዚያ ባለሙያዎቹ ራሳቸው የሚስማሙበት ጥቂት እንደሆነ ነገረችኝ። ከሰሌዳዎቹ በአንዱ ላይ ስለ ጨረቃ ቀናት የሚናገር ክፍል እንዳለ ብዙዎቹ ያምናሉ። ሌላው ገና አልተፈታም።

«ይሄ ያ ሰሌዳ ይሆን?» አልኳት ተስፋ አድርጌ።

ፎቶውን አሳደገችውና ከሥሩ ያለውን ያንን ትንንሽ ፊደል አነበበች። ፊቷ ተለወጠ። ስልኩን በቀስታ መለሰችልኝ።

«ጋሼ ... ይሄ ለቱሪስት የሚሸጥ ቅጂ ነው። የዛሬ ሰው የቀረጸው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። ከባሕር ማዶ እንደኔው ገበያ የቀዘቀዘበት አንድ ጠራቢ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ፣ ቦታ ሲተርፈው «እዚህ ጋ አንድ ሰው ልጨምር፣ ያምራል» እያለ ሲቀርጽ ታየኝ። የሙሀጅርን ቡና በዝናብ ያስመታሁት በዚያ ሰውዬ ጌጥ ነው። ሳቄ መጣ። ሌንሳ ያለቀስኩ መስሏት ደንግጣ ውሃ ፍለጋ ዞር ዞር አለች።

በዚያው ሳምንት አጋሮ ሄድኩ። ሙሀጅር መጋዘኑ በር ላይ አገኘኝና ፊቱን አዞረ። እንደ ቆምኩ ነገርኩት፤ የተገለበጠውን ወፍ፣ የቱሪስቱን ቅጂ፣ ሁሉንም። የአጋሮውን ዝናብም አልዘለልኩም። ጀርባው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሊመታኝ ነው ብዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። እየሳቀ ነበር።

«ወላሂ፣» አለ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ሰርጉ ላይ ለሊሙ ሰው ሁሉ ስለ አንተ ስፎክር ነው ያመሸሁት። እኔስ ካንተ በምን እሻላለሁ?» ከዚያ የቡና መገልበጫውን ሬክ አስያዘኝ። እስከ አስር ሰዓት ፀሐይ ላይ አቆመኝ።

ሌንሳ ደግሞ ነገሩን እንዲህ ልትተወው አልፈለገችም። ለተማሪዎቿ እንድነግራቸው ለመነችኝ። «ሰው የሚፈልገውን ብቻ ሲያይ ምን እንደሚሆን እኔ ከማስተምር እርስዎ ቢያሳዩዋቸው ይሻላል» አለችኝ። ምስጋና ነው አይደለም ብዬ እያሰብኩ ሄድኩ። ሰሌዳውን ይዤ፣ አዲሱን ጃኬቴን ለብሼ ስለ ራሴ ሞኝነት ንግግር አደረግሁ። ድርብ በጋው ጋ ስደርስ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እውነቱን ለመናገር ጣፈጠኝ፣ ስለዚህ ደገምኩላቸው።

ጥያቄ ላይ ጽዮናዊት የምትባል ተማሪ ከኋላ እጇን አነሳች።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቅጂ ይሁን፣ እሺ። ግን የእውነተኞቹን ፎቶ ሳያቸው ቆይቻለሁ። አንዱ ላይ ዓሣው በየተወሰነ ርቀት ይደጋገማል። ኮከብ ቢሆንስ?»

ሌንሳ ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። ጨዋ ሰው ብሆን «አላውቅም ልጄ» ብዬ እቀመጥ ነበር። እኔ ግን ወንበሬን ጎትቼ አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«በስንት በስንቱ ነው የሚደጋገመው?» አልኳት።