በወፍጮ ቤት የተጠመቀው ጠላ

በ1972 ዓ.ም. ላሊበላ ውስጥ ታፈረ ፈትቶ ያልገጠመው ብረት አልነበረም። የቀበሌውን ወፍጮ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። የፋኖሱም፣ የቁልፉም፣ የሬዲዮኑም ሐኪም እሱ ነው። ጥፋቱ አፉ ብቻ ነበር። ከሞተር ጩኸት በላይ እየጮኸ ማውራት ስለለመደ፣ ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ድምፁ አይወርድም። ጉድ ውስጥ የገባውም በዚሁ አፉ ነው።

መስከረም ሊያልቅ ገደማ፣ ሴቶቹ ብቅላቸውንና ለጠላ የቆሉትን ገብስ ይዘው ወፍጮ ቤት ተሰልፈዋል። አንዷ ጠላዋ እንደተበላሸባት ለጎረቤቷ እያዘነች ስታወራ ታፈረ ሳይጠሩት ገባበት።

"ጠላ ደግሞ ምን ሙያ አለው? ገብስ አለ፣ ጌሾ አለ፣ ውሃ አለ። የቀረው መጠበቅ ነው። መጠበቁንማ ድንጋይም ይችለዋል!"

ሚስቱ የሺሃረግ ሰልፉ ውስጥ መሆኗን አላየም። የሺሃረግ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የመድኃኔ ዓለምን ማኅበር ጠላ የጠመቀች ሴት ናት። ማኅበርተኛው ግን "የታፈረ ጠላ" ነው የሚለው፤ የሚመረቀውም ታፈረ ነው። ስልቻዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

"ደግ ነው" አለች። "የጥቅምት መድኃኔ ዓለም ጽዋ የኛ ተራ ነው። ዳቦውን እኔ እጋግራለሁ። ጠላውን አንተ ጥመቅ።"

"እጠምቃለሁ!"

"ባይሆንልህስ?" አሉ እትዬ ይማርሽ። እትዬ ይማርሽ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ነገር ሲያገኙ ግን አጥብቀው የሚነክሱ አሮጊት ናቸው።

"ባይሆንልኝ እስከ ገና ድረስ ውሃውን ከምንጭ በእንስራ አዝዬ አመላልሳለሁ! መድኃኔ ዓለምን!"

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በላስታ ወንድ በአህያ ይጭናል እንጂ እንስራ አያዝልም። በገና ሰሞን ደግሞ አገሩ ሁሉ ወደ ላሊበላ ይጎርፋል። ታፈረ እንስራ አዝሎ ቢታይ፣ ወሬው ሙጃ ከተማ ለመግባት ሁለት ቀን አይፈጅበትም ነበር።

ታፈረ ሥራውን የጀመረው እንደ መካኒክ ነው። ሴቶቹ ብርድ ሲሆን ጋኑን በብርድ ልብስ መሸፈናቸው ያስቀው ስለነበር፣ እሱ ሙቀቱን ከሞተር አመጣው። የምግብ ዘይት የመጣበት አንድ በርሜል አግኝቶ በአመድና በአሸዋ ሦስት ቀን ፈተገው፤ በግራዋ አጠበው፤ በወይራ አጠነው። ከዚያ ሞተሩን አቀዝቅዞ የሚመለሰው ለብ ያለ ውሃ የሚያልፍበትን ቱቦ በበርሜሉ ወገብ ላይ እንደ መቀነት ጠመጠመለት። ከታች ቧንቧ ገጠመ፤ ከውስጥ ወንፊት ወተረ። እንዳይንሸራተትም በሽቦ አድርጎ ከሞተሩ መቀመጫ ጋር ጠፍሮ አሰረው። ብቅሉን ከቅዳሜ ገበያ ገዛ። ከጌሾው ጋር ጠነሰሰ፤ ቆይቶ የተቆላውን ገብስ ደፈደፈ፤ በመጨረሻ ውሃውን ሞላና ከደነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ምስጋኑ ለቁጥጥር መጣና በርሜሉን አይቶ ክው አለ።

"ጓድ ታፈረ፣ ይኼ ምንድን ነው? የግል ፋብሪካ እኮ በአዋጅ ተወርሷል!"

"ጠላ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

ምስጋኑ በርሜሉን ሁለት ጊዜ ዞረው፤ አሸተተው። ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ፤ መልሶ ኪሱ ከተተው።

"መቼ ነው የሚደርሰው?" አለ።

እሱስ መቼ ይደርሳል? ታፈረ በየማለዳው ከቧንቧው በብርጭቆ እየቀዳ ወደ ፀሐይ ያነሳዋል። ጠላው ይፈላል፣ ይሸታል፣ ያሰክራልም፤ ግን አይጠራም። በጥቅምት ሃያ ድፍርስ ነው፤ በሃያ አንድ ድፍርስ ነው። በወንፊት አጠለለው፤ በነጠላ አጠለለው፤ በመጨረሻ የሠርጉን ኩታ መሥዋዕት አደረገ። ኩታው ቡናማ ሆነ፤ ጠላው ግን ያው የጭቃ ውሃ ነው። ሴቶቹን ቢጠይቃቸው አንዷ "ጌሾ አንሶታል" ትለዋለች፤ ሌላዋ "በዝቶበታል" ትለዋለች። እትዬ ይማርሽማ "ድንጋዩን ጠይቀው፤ መጠበቅ የሚችለውን" አሉት።

የሺሃረግ እንዝርቷን ይዛ ትፈትላለች። ትስቃለች እንዳይባል አትስቅም፤ ታዝናለች እንዳይባል አታዝንም። ታፈረን የጎዳው ይኼ ነው። ጥቅምት ሃያ ሦስት ቀን ጠዋት ታፈረ ከአጠገቧ ካለው ዱካ ላይ ቁጭ አለ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ስለነበር መጀመሪያ የሱ አልመሰላትም።

"አልጠራ አለኝ" አላት። "ምን ላድርግ?"

ክሯን ጨርሳ ጠቀለለች።

"እኔ ጋኑን ከከደንኩት በኋላ ስነካው አይተኸኝ ታውቃለህ?"

"አላየሁም።"

"አተላው እንዲወርድ ነው። ያንተን በርሜል ግን ከሞተር ጋር አስረህ ቀኑን ሙሉ ታስንጠዋለህ። ቅቤ ልታወጣ ነው?"

ታፈረን የሚያህል መካኒክ ይኼ ይጠፋዋል! በርሜሉን እንዳያነሳው ሙሉ ነው፤ ቢያነሳውም መልሶ ይደፈርሳል። የቀረው ወፍጮውን ማቆም ነው። ከምስጋኑ "ለሞተር ጥገና" ሦስት ቀን ለመነ፤ ምስጋኑም ጠላው ሲደርስ እንዳይረሳው አሳስቦ ፈቀደ። ሰልፉ ላይ የቆሙትን ሴቶች ግን መዋሸት አልቻለም።

"እናቶቼ፣ ወፍጮው እስከ መድኃኔ ዓለም ቆሟል። ሞተሩ ደኅና ነው። ጠላዬ እንዲጠራ ነው።"

ሴቶቹ እስኪያለቅሱ ሳቁ። እትዬ ይማርሽ እህላቸውን መልሰው ተሸከሙና "ሦስት ቀን በድንጋይ ብንፈጭ ምናለበት፤ ይኼንን መስማቴ ይበቃኛል" ብለው ሄዱ።

ጥቅምት ሃያ ሰባት ማኅበርተኞቹ ተሰበሰቡ። የነፍስ አባቱ ቄስ ወልደ ሰንበት ጸሎት አድርሰው ዳቦው ተቆረሰ። ሴቶቹ በጓዳው በር በኩል አንገታቸውን አስግገዋል። ታፈረ ማሰሮውን አንስቶ፣ እንደ ደንቡ፣ ከሁሉ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። ሃያ ዓይን ፊቱ ላይ ነው። ጠላው ኩል መስሏል፤ ጌሾው አፉን ያዝ አድርጎ ለቀቀው። ልቡ ዘለለች። ለቄስ ወልደ ሰንበት ዋንጫ ቀዳ።

ቄሱ ተጎነጩ። ደገሙት።

"ልጄ የሺሃረግ!" አሉ ወደ ጓዳ እያዩ። "እጅሽ ይባረክ! ይኼ ሰው አዋርዶን ነበር፤ ደረስሽልን!"

"ይባረክ! ይባረክ!" አለ ማኅበርተኛው በሙሉ።

"እኔ አልነካሁትም፣ አባ። የሱ ነው" አለች የሺሃረግ።

"ባልሽን መሸፈንሽ ደግ ነው፤ ግን በመድኃኔ ዓለም ቀን አይዋሽም" አሉ ቄሱ፤ ቤቱም ሳቀ።

ታፈረ ተናደደ። ከልቡ ተናደደ። በርሜሉ፣ ቱቦው፣ ኩታው፣ ይኼ ሁሉ ልፋት የማን ነው? ሊጮህ አየር ሳበ። የሚናገረው ሁሉ ምላሱ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ሚስቱን አያት። በጓዳው በር ማሰሮ ይዛ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ይኼንን አቋቋሟን ያውቀዋል። አሥራ አንድ ጊዜ አይቶታል፤ "ታፈረ፣ ቤትህ ይሙላ" ሲባልና ምርቃቱ በራሷ ላይ አልፎ ወደ እሱ ሲመጣ። ሁልጊዜ ደክሟት ይመስለው ነበር።

የሳበውን አየር ቀስ አድርጎ አወጣው።

"እውነትዎን ነው፣ አባ" አለ። "ያጠራችው እሷ ናት። የዛሬውንም፣ የእስከ ዛሬውንም።"

የሺሃረግ ቀና አለች። ማኅበርተኛው አጨበጨበ። ከጓዳው በር የእትዬ ይማርሽ ድምፅ መጣ።

"እንግዲያው እንስራው የማን ነው?"

"የኔ ነው" አለ ታፈረ።

በማግስቱ ማለዳ የምንጩ መንገድ እንደ ገበያ ቀን ሰው ሞልቶበት ነበር። የሺሃረግ እስከ ምንጩ አብራው ወርዳ እንስራውን ሞላችለት፤ ጀርባው ላይ አስተካክላ ገመዱን ደረቱ ላይ አሰረችለት። ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ትይዘዋለች።

"ቀስ እያልክ ውጣ" አለችው። "አታነቃንቀው፤ ይደፈርሳል።"

"ውሃ እኮ ነው፣ አንቺ!"

"ቢሆንም" አለች፤ ከኋላው ተከተለችው።