እህቴን ማባዛት ያስተማርሁበት ክረምት

ታናሽ እህቴ ሁለተኛ ክፍል ሳለች፣ ጧት በሰልፍ ላይ መዝሙር እየተዘመረ ወደቀች። የሚጥል በሽታ እንዳለባት እኛ ቤት እናውቅ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ግን አያውቅም። ልጆቹ እየጮኹ ተበተኑ። ዘበኛው ክብሪት ጭሮ ጢሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋ። አባቴ ከሚሠራበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተጠርቶ፣ ቱታውን እንደለበሰ ሄዶ ተሸክሟት መጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ ዳይሬክተሩ አስጠራውና፣ "እስኪሻላት ድረስ ቤት ትቀመጥ" አለው።

አባቴ ዝም ብሎ የሚመለስ ሰው አልነበረም። ከሥራ ሲወጣ እየሄደ ከቢሮው በር ላይ ይቆማል። በመጨረሻ ዳይሬክተሩ፣ "እንግዲያው ክረምቱን ቤት ታጥና። ማባዛትን እስከ ዘጠኝ በቃሏ ካወቀች መስከረም ላይ እኔው ራሴ እፈትናታለሁ። ከዚያ እናያለን" አለው።

አባቴ ያን ቃል ይዞ ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነበር። "ማባዛት ብቻ ነው የጠየቀው" አለኝ። "አንቺ ታስጠኛታለሽ።"

እኔ ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የማትሪክ ውጤት እጠብቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ስለማስተምር፣ ማስተማር የምችል ይመስለኛል። የእናቴ እኩዮች የሆኑ ሴቶች ስማቸውን ጽፈው እያሳዩኝ ይመርቁኛል። አንዲት ሕፃን ማባዛት ማስጠናት ምን ያቅተኛል አልሁ።

ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ጧት ጧት በረንዳው ላይ እንቀመጣለን። ሠንጠረዡ ከደብተሩ የጀርባ ሽፋን ላይ ታትሟል። ሁለትንና አምስትን ቶሎ ያዘች። ሦስትና አራት ሰነበቱ፤ ቢሆንም ገቡ። ከስድስት ጀምሮ ግን መንገዱ ተዘጋ።

ችግሩ አለማወቋ አልነበረም። በተራ ስትጠራው እንደ ውዳሴ ማርያም ታወርደዋለች። ከመካከል አንዱን ነጥዬ ስጠይቃት ነው የሚጠፋባት።

"ሰባት ጊዜ ስምንት?"

"ሰባት፣ አሥራ አራት፣ ሃያ አንድ..."

"ከመጀመሪያው አትነሺ። ዝም ብለሽ መልሱን ንገሪኝ።"

"መልሱ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ሳልሄድ እንዴት እደርሳለሁ?"

ይህን የምትለው ለማሾፍ አይደለም፤ የምሯን ነው። እኔም የምሬን እናደዳለሁ። አንድ ቀን በሽምብራ ቆሎ ላስረዳት አሰብሁ። አራት አራት እያደረግሁ ስድስት ቦታ ደረደርሁላትና፣ "እስኪ ስድስት ጊዜ አራት ስንት ነው?" አልኋት። በጣቷ እየነካች ቆጠረችና "ሃያ ሦስት" አለች። እንደገና አስቆጠርኋት፤ ያው ሃያ ሦስት። ልቆጣት አፌን ስከፍት ጉንጯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንዱን በልታዋለች። እናቴ ከውስጥ ሆና ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ክኒኑ ነበር። ሐኪሙ ያዘዘላት ክኒን መውደቁን ቢቀንስላትም ያደነዝዛታል። ገና ረፋዱ ሳይደርስ ዓይኗ ይከደናል፣ ራሷ ወደ ደረቷ ያዘነብላል። ጧት የያዘችው ከሰዓት የለም። ዛሬ ስድስትን አሳምራ ብትጨርስ ነገ እንደ አዲስ እንጀምራለን። ባልዲው ቀዳዳ ሆኖ እኔ ውኃ ስቀዳ የምውል ይመስለኝ ነበር። አንድ ጧት ከዘጠኝ ጊዜ ስድስት ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት ደብተሩን ወረወርሁና ከሰፈራችን በታች ወዳለው ሐይቅ ዳር ወረድሁ። ደንገሉ መሐል ቆሜ ከደቅ ደሴት የሚመጡትን ታንኳዎች እያየሁ ለብቻዬ ተነጫነጭሁ። ስመለስ ደብተሩን ከጭቃው አንስታ በቀሚሷ እየጠረገች ነበር። "ዘጠኝን ረሳሁት እንዴ?" አለችኝ። ደብተሩን ተቀብያት በረንዳው ላይ አሰጣሁት።

የፍልሰታ ጾም ሲገባ እናቴ ልጄን ጠበል አስጠምቃታለሁ ብላ ተነሣች። ደቅ ደሴት ላይ ቄስ አጎት ነበሯት፤ እሳቸው ዘንድ ሊያርፉ በጀልባ ሄዱ። አባቴ አልተቃወመም። እኔ ግን ጥናቱ ሊቋረጥ ነው ብዬ አኮረፍሁ። "ማባዛቱ አይሄድም፤ ከዚሁ ይጠብቅሻል" አለችኝ እናቴ።

ጾሙ ሲፈታ ተመለሱ። እህቴ ሌላ ልጅ ሆናለች። ዓይኗ ጠርቷል፣ ወሬዋ በዝቷል፣ የእናቴ አጎት የሰጧትን ሎሚ ይዛ ግቢውን ትዞራለች። በማግሥቱ ደብተሩን አወጣሁ። የስድስትን በአንድ ጧት ጨረሰች። ቀጥሎ የሰባትን ያዝን። ሲነጋ፣ ከእንቅልፏ እንደ ተነሣች ፊቷን ሳትታጠብ ጠየቅኋት፤

"ሰባት ጊዜ ስምንት?"

"ሃምሳ ስድስት።"

"ዘጠኝ ጊዜ ስድስት?"

"ሃምሳ አራት" አለችና፣ "አሁንስ ከመጀመሪያው አልተነሣሁም" አለችኝ።

ያን ለት ከደስታዬ ብዛት ፀጉሯን ሹሩባ ሠራሁላት። የሠራሁላትን ላሳያት መስተዋቱን ከመደርደሪያው ሳነሳ የክኒኑ ብልቃጥ ከኋላው ተቀምጧል። ሲሄዱ እንደነበረው ሙሉ ነው።

እናቴን ጓዳ ገብቼ ጠየቅኋት። "እማዬ፣ ክኒኑን አልዋጠችም እንዴ?"

"ጠበልና ክኒን አይገጥምም ብለውኛል አብረውን የተጠመቁት ሰዎች" አለች። "ደግሞስ አላየሻትም? ድናልኛለች።"

አይቻታለሁ። የቸገረኝም እሱ ነው። ያን ብልቃጥ ካልከፈትነው መስከረም ላይ ሁሉንም በቃሏ ትላለች። ከከፈትነው ደግሞ ያ እንቅልፍ ይመለሳል። ግን ሐኪሙ በድንገት እንዳታቋርጡ ብሎ ሲያስጠነቅቀን እኔም ነበርሁ። አባቴ ከሥራ እንደገባ ነገርሁት። ሁለቱ ብዙ ተነጋገሩ። እናቴ አልቅሳ፣ "እስከ እሑድ ድረስ ተዉኝ" አለች። አባቴም እሺ አላት።

እሑድ አልደረስንም። ቅዳሜ እናቴ ሐይቁ ዳር ልብስ ስታጥብ እህቴ አጠገቧ ቆማ ሳሙና ታቀብላት ነበር። እዚያው በፊቷ ወደ ውኃው ወደቀች። ጥልቅ አልነበረም፤ ከጉልበት አያልፍም። እናቴ በፀጉሯ ጎትታ አወጣቻት። ሁለቱም ልብሳቸው እንደ ረጠበ፣ አንዷ ሌላዋን ታቅፋ ግቢ ሲገቡ አየሁ። እናቴ ልብሷን ሳትለውጥ ብልቃጡን አንሥታ ክኒኑን በእጇ አዋጠቻት።

ያ እንቅልፍ ተመለሰ። ሰባት ሄደ፤ ስድስትም ተከትሎት ሄደ። "ከደቅ ስመጣ አውቀው ነበር እኮ" ትለኛለች፣ የሆነ ቦታ አስቀምጣው እንደጠፋባት ዕቃ። እኔ ያን ጊዜ የተናደድሁት በማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። በሐኪሙም፣ በእናቴም፣ በጠበልተኞቹም መናደድ አልቻልሁም። የቀረኝ ከእሷ ጋር ተቀምጦ እንደገና ከስድስት ጊዜ አንድ መጀመር ብቻ ነው። በከንፈሯ እየተንሾካሾከች ከመጀመሪያው መነሳቷን መከልከል ተውሁ። እንደፈለገች ትድረስ አልሁ።

መስከረም ላይ አባቴ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ሦስታችንም ሄድን። ዳይሬክተሩ ከጠረጴዛው ሳይነሣ መጠየቅ ጀመረ። እህቴ እጇን ከኋላዋ አድርጋ ቆመች። ጣቶቿ አንድ በአንድ ሲታጠፉ ከበስተጀርባ አያለሁ። ትዘገያለች፣ ግን ትደርሳለች። ስድስት ጊዜ ሰባት፣ አርባ ሁለት። ሰባት ጊዜ ዘጠኝ፣ ስድሳ ሦስት። ስምንት ጊዜ ዘጠኝ ላይ በጣም ቆየች፤ ዳይሬክተሩ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀምሮ ነበር። "ሰባ ሁለት" አለች።

"ጥሩ ነው" አለ ዳይሬክተሩ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ፣ "ጓድ፣ እኔ በልጅቷ ላይ ምንም የለኝም። የሌሎቹ ልጆች ወላጆች ናቸው። ለሃጯ ይተላለፋል ይላሉ። ልጆቻችንን እናስወጣለን ብለውኛል" አለው።

አባቴ የኮቱን ቁልፎች መቆለፍ ጀመረ። እኔ ግን መታገሥ አልቻልሁም።

"ሁሉንም መልሳለች እኮ" አልሁት።

"መልሳለች።"

"ታዲያ ማባዛቱን ለምን አሉን?"

እንደ ደከመው ሰው ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። "ይከብዳታል፣ ራሳችሁ ትተዉታላችሁ ብዬ ነበር" አለ።

አባቴ "ተነሱ እንሂድ" አለን። ማናችንም አልተቀመጥንም ነበር።

ስንመለስ አባቴ ከፊት ከፊት ይሄዳል። በመንገዱ ዳር ባሉት ዘንባባዎች ሥር ስናልፍ እህቴ እጄን ሳበችኝ።

"የቱን ነው የሳትሁት?"

"አንዱንም አልሳትሽም።"

ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ "የስምንትን እንደገና ላጥናው እንዴ?" አለችኝ። አሁንም ልክ ያልሆነው የእሷ መልስ ነው የሚመስላት። ላስረዳት ሞከርሁ፤ ሰዎች ስለማያውቁት በሽታ የሚፈሩትን ነገር ነገርኋት። ሰማችኝ። ቤት ስንደርስ ግን ደብተሩን ይዛ በረንዳው ላይ ተቀመጠች።

የእኔም ውጤት ኮሌጅ የሚያስገባ አልሆነም። ያን ዓመት ቤት ሆኜ ማካፈልን አስተማርኋት፤ ከማባዛት ብሶ አንገበገበን። በዓመቱ ዳይሬክተሩ ተዛውሮ በምትኩ ከጎንደር አንዲት ሴትዮ መጡ። ከእህቴ ጋር ለምዝገባ ስንሄድ በሽታውን እንዳልደብቅ አባቴ ነግሮኝ ነበርና ገና ከመቀመጤ ተናገርሁ። ሴትዮዋ ክኒኑን ስንት ሰዓት እንደምትወስድ ጠየቁኝ፤ ስሟን ጻፉ።

"ማባዛት ታውቃለች፤ ሊፈትኗት ይችላሉ" አልኋቸው።

"ለምን እፈትናታለሁ? ለክፍሏ ደርሳለች" አሉኝና ቀጣዩን ሰው ጠሩ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከቢሮው ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ፤ ተናድጄ ነበር። ለዚህ ኖሯል ያ ሁሉ ክረምት፣ ያ ሁሉ ጩኸቴ፣ ያ ሁሉ እንቅልፏ። እህቴን ልጠራት ዞር ስል አጠገቤ የለችም። ክፍሏን ፍለጋ፣ በየበሩ አንገቷን እያስገባች፣ ኮሪደሩን አጋምሳው ነበር።