ሦስተኛው እንቁላል

የታሰርኩት በደብዳቤ ምክንያት ነው። ከንጉሡ ጋር የተጣሉ የአንድ ባላባት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ቃሉ የሳቸው፣ እጁ የኔ። እሳቸው በፈረስ አመለጡ። እኔን አንኮበር አውጥተው ከተራራው ጎን በተቆፈረ አሮጌ ጎተራ ውስጥ ከተቱኝ። ያኔ ንጉሡና ሠራዊቱ ወደ እንጦጦ ሄደው ስለነበር ከተማው ጭር ብሏል። ጎተራው መስኮት የለውም፤ የሻገተ ገብስ ይሸታል። ጉሙ በበሩ ስር እየገባ ልብሳችንን ያረጥበው ነበር።

ቀኝ እጄን ከአንድ ሽማግሌ ግራ እጅ ጋር በሰንሰለት አቆራኙኝ። የሰላ ድንጋይ ሰው ናቸው። ጥፋታቸው ልጅ መውለዳቸው ነው፤ አንድ ልጃቸው ሸፍቶ ቆላ ወርዷል፤ እሱ እስኪያዝ ወይም ሞቱ እስኪረጋገጥ ድረስ አባትየው ይቆዩ ተብሏል።

ቀለብ የሚሰጠን የለም፤ ዘመድ ያለው ዘመዱ ያመጣለታል። እኔ የሚያመጣልኝ አልነበረኝም፣ የምበላው ከሽማግሌው ነው። ሚስታቸው ጾም ካልሆነ በየአስራ አምስት ቀኑ ዶሯቸውን ይዘው ሁለት ቀን በእግራቸው ይጓዙና እዚሁ አቅራቢያ ጎረቤላ ከዘመድ ቤት ዶሮ ዳቦ ጋግረው ያመጣሉ። በራበን ቀን ሽማግሌው አጋገሩን ይነግሩኛል፤ ወጡ ቁሌቱ እስኪወፍር መድረቁን፣ ሥጋው ከነእንቁላሉ በሊጥ መሸፈኑን፣ በኮባ ተጠቅልሎ ከላይም ከታችም እሳት መያዙን። እየሰማሁ ምራቄን እውጣለሁ።

በቤታቸው ደንብ ለያንዳንዱ ሰው አንድ እንቁላል ይገባል፤ ለአባት፣ ለእናት፣ ለልጅ። ልጁ ከሸፈተ በኋላም እናትየው ሦስት ማድረጋቸውን አልተዉም። ከእስረኛ ጋር መነጋገር ክልክል ስለሆነ ሽማግሌው የልጃቸውን ደህንነት የሚያውቁት በዚያ ነበር። ዳቦው ሲመጣ ከመብላታቸው በፊት እንቁላሉን ይፈልጋሉ፤ ሦስት ካገኙ ያን ቀን ይጫወታሉ።

ዘበኞቹ ሁለት ነበሩ። ያመጣው ሰው መርዝ እንዳይኖርበት በፊታቸው ከቀመሰ በኋላ፣ ሞረድ ወይም ደብዳቤ ተደብቆ እንደሆን ብለው ዳቦውን ቆርሰው ያያሉ። አንደኛው እየፈተሸ ይቀምሳል፣ እየቀመሰ ይፈትሻል። ሁለተኛው ከአልዩ አምባ በኩል የመጣ እስላም ነው። የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበላ ወጡ ጣቱን እንዳይነካው በስንጥር ነበር የሚፈልገው። ለትንሹም ለትልቁም ወላሂ ይላል። ወላሂ ዛሬ ጉም ነው ይለናል፤ አንኮበር ላይ ለዚህ መማል አያስፈልግም ነበር።

የዚያን ቀን ተረኛው እሱ ነበር። በሩን ሲከፍት እኔ ቅርብ ስለነበርኩ ሴትየዋን ከበስተኋላው አየኋቸው። ራሳቸውን ተላጭተዋል። ሽማግሌው ዓይናቸው ደካማ ነው፣ አላዩም። እኔም አፌን ያዝኩ።

ዳቦው ትኩስ ነበር። ኮባውን ገልጠው በጣታቸው ፈለጉ፤ እጄ ከእጃቸው ጋር አብሮ ይሄዳል። አንድ አገኙ። ሁለት አገኙ። ፍርፋሪውን ሁሉ ገለባበጡ። ከዚያ እጃቸው ቆመ፤ የኔም አብሮ ቆመ።

«ልጄ» አሉ ወደ በሩ ዞረው፣ «አንዱን እንቁላል አንተ ነህ የወሰድከው?»

ዘበኛው ውጭ የቆሙትን ሴትዮ ዞር ብሎ አየ።

«አዎ አባባ» አለ በመጨረሻ። «ራበኝና በላሁት። አፉ ይበሉኝ።»

ወላሂ አላለም። ሽማግሌው ፊቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«አፉ ብዬሃለሁ። ደግ አደረግህ» አሉት።

ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ፣ ለእስር ቤቱ ሹም ይንገሩት፣ ልጁ ከሞተ ለምን ያስሩዎታል አልኳቸው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

«በልጄ ሞት በር ላስከፍት?» አሉኝ። «እነሱ ይምጡና ይንገሩኝ።»

አላለቀሱም። ከሁለቱ እንቁላል አንዱን በኮባው ቁራጭ ጠቀለሉና ለዘበኛው ዘረጉለት። ለሷ ስጥልኝ፣ ይህን ሳትበላ መንገድ እንዳትጀምር በልልኝ አሉት። ያ ወጣችን እንዳይነካው በስንጥር የሚፈትሽ ሰው በሁለት እጁ ተቀበላቸው። የወጡ ቅቤ ከኮባው ወጥቶ በጣቶቹ መሃል ይወርድ ነበር። እንደዚያው ይዞት ወጣ፤ በሩን መዝጋት ረስቷል። ከውጭ የሴትየዋ ለቅሶ ተሰማ፣ ወዲያው ደግሞ ዝም አለ።

የቀረውን እንቁላል ሽማግሌው ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ። በላሁት። ይጣፍጥ ነበር፤ መጣፈጡ አስለቀሰኝ።

ከሃያ ቀን በኋላ ሹሙ መጥቶ ልጅህ ሞቷል፣ ሂድ አላቸው። «አውቃለሁ» አሉ። ሰንሰለቱ ሲፈታ እጄ ቀለለኝ፣ ሌላው ሁሉ ከበደኝ። እኔም ክረምቱ ሲወጣ ተፈታሁ፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ዘበኛውን ግን ብዙ ዓመት ቆይቶ አልዩ አምባ ገበያ ላይ አገኘሁት። ዘበኝነቱን ትቶ ጨው ይነግዳል፣ ጢሙ ሸብቷል። ተቃቅፈን ተሳሳምን። አሞሌው ወላሂ ደረቅ መሆኑን፣ በቅሎዋ ወላሂ እንደማትራገጥ ነገረኝ። ስንለያይ ስለዚያ እንቁላል ጠየቅሁት። እውነቱን ከራሱ አፍ መስማት ፈልጌ ነበር።

ጭነቱን ያጠብቅ ጀመር።

«በላሁት አልኳቸው እኮ» አለኝ።

አሁንም አልማለም። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁትም። ዛሬ ባለቤቴ ዶሮ ዳቦ ስትጋግር፣ በቤታችን ካለው ሰው አንድ እንቁላል አስበልጣ ትከታለች። እኔ ነኝ የለመንኳት። የማን ነው ብላ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ሳይነካ ሲያድር ግን አይታለች።