ተኩላ የበላበት ጎረቤቴ

በፈረንጅ አገር ማውንት ቤከር በሚባል ሰፈር ስኖር ጂም የሚባል ጎረቤት ነበረኝ። አንድ ቀን የልጅ ልጄ ቤቲ «ጂም ተኩላ ኤልኮቹን እየጨረሰበት አፕሴት ሆኗል» አለችኝ፤ ተናዷል ማለቷ ነው። ኤልክ በሬ የሚያህል አጋዘን ነው። ከብት ያለቀበትን ሰው ሳይጠይቁ መቅረት በእኛ ነውር ነውና ቤቲን አስከትዬ ሄድኩ።

«እግዜር ይተካልህ ልጄ! ስንት በላብህ?» አልኩት፤ ቤቲ ተረጎመችለት።

ግራ ገባው። «የእኔ አይደሉም፤ የዱር ናቸው» አለ።

«ታዲያ ፊትህን ምን አጠቆረው?»

ከግድግዳው ላይ ቀስት አውርዶ አሳየኝ። ለካስ አዳኝ ኖሯል! ዘንድሮ ከከተማው ርቆ ከተራሮቹ ማዶ ለአደን ወጥቶ አንድ ኤልክ እንኳ ሳይጥል ተመልሷል። በማግስቱ እንደ እሱ በቀስት የሚያድኑት ሰዎች ከዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ጋር ስብሰባ ስላላቸው፣ ተኩላው እንዲቀነስ የሚናገረውን በወረቀት ጽፎ ጨርሷል።

ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ፍርድ ግን አላጣም።

«ቤቲ፣ እንዲህ በይው። ባለቤት ከሌላቸው ተኩላውም እንዳንተው አዳኝ ነው። እሱ ግን ስብሰባ አልጠራብህም።»

«ኖ፣ አያቴ! ዛት ኢዝ ሩድ! ብልግና ነው!»

«በይው ብያለሁ!»

ነገረችው። ጂም ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «እባክዎን ነገ ስብሰባው ላይ እንዳይመጡብኝ» አለኝ።