ሐሙስ ሐሙስ የበግ ራስ የሚያመጡልን ሰው

የጥርስ ሕክምና ተማሪዎቼን ከአፍ ውስጥ ለምርመራ ሥጋ ቆርጦ መውሰድ የማስተምረው በበግ ራስ ነው። እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ የበጉን ራስ ሐሙስ ሐሙስ የሚያመጡልን አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከማዳበሪያ ከረጢት አውጥተው በየተማሪው ፊት ካስቀመጡ በኋላ አይሄዱም። የበግ ጠጉር ባናቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በሩ ሥር ይቀመጣሉ። እጇ የሚንቀጠቀጠው ተማሪዬ ሰብሊ ከበጉ ከንፈር ምስር የምታክል ሥጋ ቆርጣ ስትሰፋ ዓይናቸውን አይነቅሉም።

አንድ ቀን፣ «በጉ ምን አሞት ነበር?» አሉኝ።

«ምንም። ለልምምድ ነው።»

«የሞተውን ለምን ትሰፉታላችሁ?»

«ተማሪዎቹ እጃቸውን እንዲያፍታቱ ነው» አልኳቸው። በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ፣ «በሰው ቢሆን ስፌቱ ይሽር ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ይሽራል አልኳቸው። ለምን እንደጠየቁኝ ግን አልገባኝም።

ሁዳዴ ገባና እርድ ቆመ። ሐሙስ ሲደርስ እሳቸው ባዶ እጃቸውን መጥተው እቦታቸው ተቀመጡ። ግራ ገባኝ።

«አባቴ፣ ዛሬ የሚታረድ የለ። ምነው ደከሙ?»

ባናቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ። የታችኛው ከንፈራቸው ላይ የከረመ ቁስል አለ።

«የሰብሊ እጅ መንቀጥቀጡን ትቷል» አሉ። «የኔን እሷ ትቁረጥልኝ።»